ባለ 50 ማይክሮን ግልጽ ላስቲክ፦ የታመመ አፈርን በፀሐይ ለማከም

አፈር ውስጥ የተደበቀን የአጠውልግ ፈንገስ በፀሐይ ሙቀት ለመግደል ጥቁር ላስቲክ አይመከርም፤ ሙቀቱን ራሱ ይጠጣዋል እንጂ ለአፈሩ ብዙም አያካፍልም። የግሪንሃውሱ ባለ 200 ማይክሮን ውፍረት (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ይሠራል፣ ግን ኪስ ይጎዳል፦ 1 ኪሎው የሚሸፍነው 5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ የባለ 50ው አንድ ኪሎ 21 ካሬ ያለብሳል። ባለ 25ው ይበልጥ ያሞቃል፤ ነፋስ ባለበት ማሳ ግን ቶሎ ይቀደዳል።

ሻጩ «50 ነው» ካለ ሚዛን ይጠየቅ። 10 ካሬ ሜትሩ 460 ግራም ገደማ ካልመዘነ 50 አይደለም። የፀሐይ ጨረር መከላከያ የሌለው ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይሰባበራል፤ ፈንገስ ሊያጠፉ ገብተው የላስቲክ ቁርጥራጭ ሲለቅሙ መዋል ይመጣል።

እርጥብ አፈርን በላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ የማሞቁን ዘዴ እስራኤላዊው ያኮቭ ካታንና ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. በቲማቲምና በደበርጃን አሳይተውታል። መደቡ ጓል እስኪጠፋ ይለሰልሳል፣ ይስተካከላል፣ ከዚያ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ እንዲርስ ውሃ ይጠጣል። ውሃው ላይ መሰሰት አይገባም፤ በደረቅ አፈር ያለ ፈንገስ ሙቀቱን ይችለዋል፣ ሙቀቱም ወደ ታች አይወርድም። ለ1.2 ሜትር መደብ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ላስቲክ ይበቃል፤ በግራና በቀኝ የሚተርፈው 40 ሳንቲ ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ይቀበራል። ላስቲኩ አፈሩ ላይ ተለጥፎ ይወጠር፤ ከተነፋ የሚሞቀው አየሩ ነው፣ ነፋስም ይገነጥለዋል። ቀዳዳ ከተገኘ በዕለቱ በፕላስተር ይለጠፍ፣ የተኛ የዝናብ ውሃ ይጠረግ።

በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል። በደንብ ሲሠራ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ከ42 እስከ 55 ዲግሪ ይነበባል። ለደጋና ለክረምት ግን አንገዛውም፤ ደመናው አያሠራውም።

ኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ ረቂቅ ትል) ላይ ውጤቱ ግማሽ ነው፤ ወደ ጥልቁ የሸሸው ኋላ ተመልሶ ይወጣል። እንግጫም ከድቡልቡል ሥሩ ያቆጠቁጣል። በአቃቂ ወንዝ ለሚጠጣ የጎመን ማሳማ ጭራሽ አይሆንም፦ ወንዙ ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚያመጣው ክሮሚየም መርዛማ ብረት ነውና በሙቀት አይሞትም፣ ባለበት ይቀመጣል።

ላስቲኩ ከተነሣ በኋላ ማሳውን ዳግም ማረስ ትልቁ ስህተት ነው፤ ያልሞቀውን የታች አፈር ከነበሽታው ወደ ላይ ያወጣል። ችግኙ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይቆፈር፣ በእንጨት በተወጋ ቀዳዳ ይተከል።