የድሮዋ ትንሽ የፈረንሳይ መስታወት፣ በጋውንም ክረምቱንም ካሳለፈች በኋላ

ፊት ለማየት ከሆነ አትግዙ። ለጨለማ ቤት ግን እኔ እንደሷ ያለ ነገር አላየሁም።

ጥቅምት ላይ ነው የገዛኋት፣ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ሰው። ወደ 60 ሴንቲ ቁመት አላት፣ ፍሬሟ ወርቅ ቅብ ሆኖ ከላይ ማዕዘኖቹ ክብ ከታች ቀጥ ያሉ፣ ሉዊ ፊሊፕ የሚሉት ስታይል። ስሙን ያገኘበት የፈረንሳይ ንጉሥ የነገሠው ከ1830 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ነው፣ ግን ቅርፁ ከዛ በኋላም ብዙ ስለተሰራ በቅርፅ ብቻ ዕድሜ አትገምቱ።

ቤቴ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የሳሎኑ መስኮት ወደ ደቡብ፣ ኮሪደሩ ቀንም መብራት የሚፈልግ። ከመስኮቱ ትይዩ ብትሰቀል የምታሳየው የፊት ለፊቱን ብሎክ በረንዳ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከመስኮቱ ጎን ያለው ግድግዳ ላይ አደረኳትና ህዳርና ታህሳስ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል ብርሃኑን ተቀብላ ኮሪደሩ ውስጥ ትወረውረዋለች፣ ጠዋት ጠዋት መብራት ማብራት ትቻለሁ በቃ። ሰኔና ሐምሌ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ ደመናውም አለ፣ ያ ነገር የለም፤ ቢሆንም ባዶ ግድግዳ ከነበረበት ጊዜ ይሻላል።

ስትሰቅሉ ሚስማር አትመኑ፣ ብሎኬት ነው ይፈረፈራል። በድሪል በስቶ ፊሸርና ብሎን።

ፍሬም የሚሰራ ልጅ "እህቴ መስታወቱን በአዲስ ልቀይርልሽ፣ ፍሬሙንም ወርቃማ ስፕሬይ ልንፋው" አለኝ፣ እምቢ አልኩ። እናንተም እምቢ በሉ! ጥቋቁር ነጠብጣቡ እኮ የመስታወቱ ዕድሜ ነው፣ ብርሃኑን ለስለስ የሚያደርገውም እሱ ነው። ደግሞ የዛ ዘመን መስታወት ብዙው ጀርባው በቆርቆሮና በሜርኩሪ የተለበጠ ስለሆነ ጀርባውን መፋቅ ለጤናም ጥሩ አይደለም፣ የብሩ ልባጥ ከ1835 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው።

ክረምት ላይ ግን አስጨንቃኛለች። ከወርቁ ስር ያለው በኮላ የተለወሰ ኖራ መሰል ነገር ነው፣ እርጥበት አይወድም፣ ነሐሴ ላይ የታችኛው ማዕዘን ትንሽ ተነስቶ ረገፈ። ከግድግዳው እንድትርቅ ከጀርባዋ ቁራጭ ቡሽ ለጠፍኩ፣ ከዛ ወዲህ አልባሰም። ፅዳት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ፣ የመስታወት ማፅጃ ፈሳሽ አላስጠጋም።

የረገፈችውን ግን በስፕሬይ ሳይሆን በእውነተኛ የወርቅ ቅጠል የሚጠግን ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ ጠቁሙኝ።