ጀልባም ይሁን ጀነሬተር ለሚያስቸግራችሁ፣ አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ሰውዬ ልጠቁማችሁ

ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ የምመጣው ሁሌ ለማማረር ነው፣ ዛሬ ግን ላመሰግን ነው፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እኔና የእህቴ ባል ዝዋይ ላይ ሰው የምናሻግርባት አንዲት ጀልባ አለችን፣ ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ) እንጂ ካርቡራቶር አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ ጉልበት አጣች። ቁልፍ እንደነካህ ትነሳለች፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጣት) ድምጿ ልስልስ ያለ ነው፣ ነዳጅ ስትሰጣት ግን በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ትደርስና እፍን ትላለች፣ ትንሽ ቀንሰህ ስትቆይ ደሞ ትመለሳለች። ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ሰው ጭነን ስንሄድ መሀል ሀይቅ ላይ ስንቴ አሳቀቀችን መሰላችሁ። አንድ መካኒክ ካንዴላ ቀየረ፣ ፊልትሮ ቀየረ፣ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል 180 ሺህ አዘጋጁ አለን። ኅዳር ጽዮን ደርሷል፣ ወደ ደሴቷ ተሻጋሪ የሚበዛበት ጊዜ ነው፣ ልንከፍል ነበር እኮ!

ቱሉ ዲምቱ በቆርቆሮ ቤት ጀነሬተርና ሞተርሳይክል የሚሰራ ሰው እንዳለ ጎረቤት ነገረኝና ደወልኩ። ገና በስልክ፣ አላርም ይጮሃል ወይ? ዙሩ ራሱ ነው የሚወርደው ወይስ ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ ናት የማትሄደው? ብሎ ጠየቀኝ። ኋላ ነው የገባኝ፣ አላርም ቢኖር ሞተሩ ሞቆ ራሱን ለማዳን ጉልበት ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ዙሩ ወጥቶ ጀልባዋ ባትሄድ ደግሞ የፕሮፔለሩ የመሀል ጎማ እየተንሸራተተ ይሆናል። የኛ ሁለቱም አይደለም።

ሞተሩን ፈተን በአይሱዙ ወሰድንለት። ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ሲያስነሳው እንደ አዲስ! ሳቀና "በርሜል ውስጥ ሁሉም ሞተር ጀግና ነው፣ ጭነት ላይ ካላየሁት አላምነውም። ደሞ አንተ ልጅ፣ በሽተኛውን አምጥተህ ምግቡን እዛ ጥለህ ትመጣለህ?" አለኝ። ምግቡ ያለው የነዳጁን ጎማና ታንከር ነው።

እሁድ አብሮን ወደ ዝዋይ ወረደ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎሜትር ገደማ ማለት ነው (ንጋት 11 ሰዓት ብሎን 1 ሰዓት ላይ ነው ብቅ ያለው፣ ቀጠሮ ላይ አትተማመኑበት)። ሀይቁ ላይ ሙሉ ነዳጅ ስጥ አለኝና እሱ ጎማው ላይ ያለችውን በእጅ የምትጨመቅ ኳስ ብቻ ያያል። ዙሩ ሲወርድ ኳሷ ጭምድድ ብላ ተጣበቀች። "ይኸው፣ ሞተሩ ይጠባል፣ የሚሰጠው የለም" አለ። የታንከሩን መተንፈሻ ከፈተ፣ ለውጥ የለም። ከዛ የኛን ታንከርና ጎማ ነቅሎ ከራሱ ጄሪካን በራሱ ጎማ ሰካው። ኧረ ተዉኝ! 5000 አለፈች፣ የእህቴ ባል ኮፍያ ሀይቅ ገባ።

የኛን ጎማ በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቀው። የውስጠኛው ሽፋን ተልጦ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል፣ ነዳጁ በቀስታ ሲያልፍ ይተኛል፣ በኃይል ሲሳብ ይነሳና ይዘጋል፣ ሚኒሞ ላይ ሰላም የምትሆነው ለዛ ነው። 180 ሺህ የተባለው በሁለት ሜትር ጎማ አለቀ።

ከጄሪካናችንም ቤንዚን ቀድቶ በሃይላንድ ጠርሙስ አቆመው፣ ከታች ጣት የማይሞላ ውሃ ተቀመጠ፣ እሱም ቀን ቆጥሮ ኢንጀክተር ይገድል ነበር። የእህቴ ባል "ድሮም 40 አትመስልም" ብሎ ሲያጉረመርም ደሞ፣ ዝዋይ 1600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበቱ በየ300 ሜትሩ 3 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል፣ ኢንጀክሽን ነዳጁን ያመጣጥናል እንጂ የሌለ አየር አያመጣም፣ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር ግዙ አለን።

የወሰደው የጎማውንና የቀን ሂሳቡን ብቻ ነው፣ ጉርሻ ስንጨምርለት ተቆጣ። ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን ፈቅዶልኛል፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስትሄዱ ግን ታንከሩንም ጎማውንም ይዛችሁ ሂዱ።