«ሜሞሪያል»፦ ከኢሊያድ የወጣ ሙሾ

እንግሊዛዊቷ ባለቅኔ አሊስ ኦስዋልድ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመችውን «ሜሞሪያል» የተባለ የግጥም መጽሐፍ ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞልኝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በሁለት ብርዳም ምሽቶች ጋቢ ደርቤ አነበብሁት። ርዕሱ በቀጥታ «መታሰቢያ» ማለት ነው፤ እኔ ግን «ሙሾ» ቢባል የበለጠ የሚስማማው ይመስለኛል።

ገጣሚዋ የግሪኮችንና የትሮይን ጦርነት ከሚተርከው ከጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ከሆሜር «ኢሊያድ» የዋናውን ጀግና የአኪሌስን ቁጣና የአማልክቱን ሽኩቻ አውጥታ ጥላ፣ ሟቾቹንና አነጻጻሪ ዘይቤዎቹን ብቻ አስቀርታለች። መጽሐፉ የሚከፈተው ሁለት መቶ በሚያህሉ ሟቾች ስም ሲሆን፣ ዝርዝሩ ከግሪኩ ተዋጊ ከፕሮቴሲላዎስ ጀምሮ በትሮዩ ጀግና በሄክቶር ያበቃል። ፕሮቴሲላዎስ ከሁሉ ቀድሞ ከመርከብ ወደ ምድር ሲዘል የሞተ፣ የጀመረውን ቤት ሳይጨርስ የቀረ ሰው ነው፤ ሚስቱ ፊቷን እየነጨች ትወጣለች። መንዝ ወይም ተጉለት ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ የግርጌ ማስታወሻ አያሻውም።

ከሟቾቹ ታሪክ ቀጥሎ አነጻጻሪው ይመጣል፤ ለምሳሌ እናቷ ስትጣደፍ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ ካላቀፍሽኝ የምትል ሕፃን። አብዛኛው አነጻጻሪ ቃል በቃል ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ በመጀመሪያ የማተሚያ ቤት ስሕተት መስሎኝ ነበር፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ግን አልቃሿ ስታወጣ ለቀስተኛው የሚቀበልበት የራሳችን ሥርዓት ሆኖ አገኘሁት። ኦስዋልድ ራሷ ግጥሞቿን በቃሏ ይዛ በመድረክ የምታቀርብ ናትና፣ መጽሐፉን በዝምታ የሚያነብ ሰው ግማሹን ያጣል።

ባለቅኔዋ በ1966 ተወልዳ በኦክስፎርድ የጥንቱን ግሪክና ላቲን ያጠናች፣ በኋላም በአትክልተኛነት የሠለጠነች ስትሆን፣ ስለ ቅጠልና ስለ ነፋስ ስትጽፍ እጇ አፈር የነካ መሆኑ ይታወቃል። በ2002 የወጣው «ዳርት» የተባለው ግጥሟ በእንግሊዝ አገር በዴቨን የሚፈሰውን የዳርት ወንዝ ከምንጩ እስከ ባሕር በዳርቻው ሰዎች አንደበት የሚናገር ሲሆን፣ የቲ. ኤስ. ኤልየትን የግጥም ሽልማት አስገኝቶላታል (የደብረ ብርሃኑን ወንዛችንን በረሳን እንዲህ የሚያናግርልን ሰው በተገኘ!)። «ሜሞሪያል» ለዚያው ሽልማት ሲታጭ ግን የሽልማቱን ስፖንሰር፣ አንድ የኢንቨስትመንት ድርጅትን፣ በመቃወም ራሷን አግልላለች። በ2019 በኦክስፎርድ ለግጥም ፕሮፌሰርነት ተመርጣ በቦታው ያገለገለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ጉድለት አላጣሁበትም። ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ ስሞቹ ይደበላለቃሉ፤ ኢሊያድን ያላነበበ ሰው ማን ከየትኛው ወገን እንደ ወደቀ ለመለየት ይቸገራል። በመጨረሻዎቹ ገጾች ሟቾቹ ያልቁና አነጻጻሪዎቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። የመጨረሻው፣ አምላክ ኮከብ ሲወረውር ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው፣ ወዲያው የሚጠፋው ብልጭታ ነው። እርሱንም ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች።