ሮዙን የቶዮታ ኩላንት አምስት ዓመት ከተጠቀምኩ በኋላ

የቤተሰባችን መኪና እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራች፣ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ቶዮታ ያሪስ ናት። የምገመግመው ቶዮታ «ሱፐር ሎንግ ላይፍ» በሚል ስም የሚሸጠውን ሮዝ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲሆን፣ አምስት ዓመትና 61,000 ኪሎ ሜትር ከተጠቀምኩበት በኋላ ባለፈው ወር አውርጄ በአዲስ ስለተካሁት የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ወደዚህ ኩላንት ያመጣኝ የአባይ በረሃ ነው። ከደብረ ማርቆስ ስንመለስ ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣውን ዳገት አጋምሰን ሳለ ቀዩ መብራት በራ። ያሪሳችን የሙቀት ቀስት የላትም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲግል ደግሞ ቀይ መብራት ከማሳየት በቀር ለነጂው የምትነግረው ስለሌለ፣ ቀዩ ሲበራ ጊዜው አልፏል ማለት ይቻላል። ልጆቹን ጥላ ሥር አስቀምጬ ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠበቅሁ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት ያገኘሁት ሻይ የመሰለ የዛገ ውሃ ነበር። ከዚያ ቀደም ሰርቪስ ያደረገላት ጋራዥ «አገራችን በረዶ የለም፣ ውሃ ይበቃል» ብሎ ኩላንቱን በቧንቧ ውሃ ተክቶት ኖሯል። በሞተሩ አካልና በላይኛው ክፍሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሳይቃጠል የተረፈው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ይህ አባባል በየጋራዡ ስለሚሰማ ስህተቱን ማስረዳት ግድ ይላል። ኩላንት በረዶን ብቻ ሳይሆን መፍላትንና ዝገትንም የሚከላከል ፈሳሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የቶዮታ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ፣ ደግሞ በ82 ዲግሪ ግድም መከፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ጎማ አርጅቶ የመፍያውን ሙቀት ከፍ የሚያደርገውን ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ባዶ ውሃ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ሳያልቅ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና ራዲያተሩ አሉሚኒየም ስለሆኑ፣ ዝገት የሚከላከል ኬሚካል የሌለው ውሃ ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። መፍትሔ ነው ተብሎ ቴርሞስታቱ የሚወጣበትም ጋራዥ አለ፤ ይህ ሞተሩን በብርድ እያሠራ ቤንዚን ከማስበላት በቀር የሚፈታው ችግር የለም።

ምርጫውን በተመለከተ በቀለም መመራት ያሳስታል። ቀለም ፋብሪካው የሚጨምረው ማቅለሚያ እንጂ ደረጃ አይደለም፤ የቮልስዋገኑ ጂ12ም ሮዝ ነው፣ ይዘቱ ግን ከቶዮታው ይለያል። የቶዮታው ከዝገት ተከላካይ ኬሚካሎች ፎስፌት ያለበትና ሲሊኬት የሌለበት ሲሆን፣ ግማሽ በግማሽ ተበጥብጦ የሚመጣ ስለሆነ ውሃ አይጨመርበትም። በመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሮዝ ነው ተብሎ የሚቀርብ ብዙ ስላለ፣ ከመግዛቴ በፊት የክዳኑን እሽግና የጽሑፉን ጥራት አገላብጬ አያለሁ። ዋጋው ከተራው አረንጓዴ በብዙ ይወደዳል፤ ለእኔ ግን ከቴስታታ ማስላጫ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ሞተር መጠበቅ የበለጠ አሳሳቢ ሆኗል።

ያኔ ዝገቱን ለማጥራት ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ፣ አሲዱን ሳይሆን፣ ሦስት ጊዜ ሞልቼ ሞተሩን እያሞቅሁ፣ ከዚያም እያቀዘቀዝኩ አውርጃለሁ። ሮዙን ስሞላ የመኪናውን ሂተር እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሥቼ፣ የላይኛውን ጎማ ቱቦ ቀስ እያልኩ ስጨምቀው አየሩ በክዳኑ አፍ በኩል እየተንፏቀቀ ወጣ። የራዲያተሩ ማራገቢያ፣ ቬንቲላተሩ፣ ሁለት ጊዜ እስኪነሣ ጠብቄ፣ በማግሥቱ ጠዋት የጎደለውን ጨመርኩ። አየር ከቀረ ሞተሩ ያለ ምክንያት ስለሚግል፣ ይህን ሥራ በጥድፊያ የሚሠራ መካኒክ አልወድም።

ባለፈው ወር ያወረድኩት ኩላንት 4 ሊትር ያህል ነበር። በነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ታችኛው ጠርዝ እስኪታይ ድረስ ንጹሕ ሮዝ ነበር፤ ጥቂት ደለል ብቻ ከታች ተኝቷል። በአምስት ዓመቱ ውስጥ ቀዩ መብራት አንድ ጊዜ እንኳ አልበራም። አንድ ጠቃሚ ባሕርይም አለው፦ የውሃ ፓምፑ ማንጠብጠብ ሲጀምር ፈሳሹ ደርቆ በፓምፑ ሥር ሮዝ ቅርፊት ይሠራል። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ ምልክት ፓምፑን ሳይበጠስ ቀይሬዋለሁ፤ ውሃ ቢሆን ኖሮ ተንኖ ስለሚጠፋ አላየውም ነበር።

ፈተሻው ብዙ አይፈጅም። በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩ ሳይነሣ በኩላንቱ ተጠባባቂ ዕቃ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች አያለሁ፤ ደረጃው ከቀነሰ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቼ ኩላንቱ ከዘይቱ ጋር መቀላቀሉን የሚጠቁም ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ውስጡ እንዳለ እመለከታለሁ። የራዲያተሩን ክዳን በግለቱ መክፈት ፊትን ያቃጥላል። የወረደውም ኩላንት መርዝ ሲሆን ጣፋጭ ስለሆነ ልጅና ውሻ ከማይደርሱበት ቦታ በታሸገ ጀሪካን ይቀመጥ፤ ቱቦ ውስጥ አይደፋ።

ቶዮታ የመጀመሪያውን ቅያሪ በ160,000፣ ቀጣዮቹን በየ80,000 ኪሎ ሜትር ያዛል። በእኔ ሞተር ውስጥ የቆየ ዝገት ስለነበረ በ60,000 መቀየርን መርጫለሁ፤ በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በለጠፍኩት ፕላስተር ላይም ዛሬ ያለው 193,000፣ ቀጣዩ 253,000 ብዬ ጽፌበታለሁ።