አጭሩ ሞላ ይቆይ ወይስ የፋብሪካው ይመለስ?

መኪናዬን የፋብሪካውን ሞላ (አካሏን የሚሸከመውን ጥቅል ብረት) በአጭር ቀይሬ ዝቅ ያደረግኳት ለውበት ነው፤ አልዋሽም። ባሕር ዳር፣ ዘንባባ በተተከለበት አስፋልት ላይ ስትንሸራተት ታምራለች። ጉዱ የመጣው ከቢቸና ጤፍ ስጭን ነው። አንድ ኩንታል ከኋላ ገባና ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ተደበቀ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ዷ!» ጋራዥ አስገብቼ ሳስነሣት የኋላ ሾኩ፣ ማለትም የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው ዘይት ያለበት ቱቦ፣ ዘይቱን አፍስሷል። መጋጫው ላስቲክም ፍርፍር ብሏል።

አንዱ ምርጫ አጭሩን ሞላ ይዞ ለእሱ ቁመት የተሠራ ጠጣር ሾክ መግጠም ነው። የፋብሪካው ሾክ በአጭር ሞላ ላይ ቀድሞውኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው፤ ትንሽ ሲጫን ማለቂያው ላይ ይደርሳል። ልኩ ሾክ ከተገኘ መኪናዋ ኩርባ ላይ አታጋድልም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው ይሄ ደስ ይላል። ግን ልኩን ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ቢገኝም መኪናዋ ስትጫን የምትወርድበት ቦታ ያው ጠባብ ነው፤ ጭነት አይወድም።

ሌላው የፋብሪካውን ሞላ ከአዲስ ሾክ ጋር መመለስ ነው። የፈሰሰ ሾክ ላይ ሞላ ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም። ኩርባ ላይ ትንሽ ትወዛወዛለች፤ ፒስታ ላይ ግን ሆዷ አይቧጨርም።

ሞላውን በግራይንደር ቁረጠው የሚሉም አሉ። እሱን እርሱት! ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

እኔ የድሮውን ሞላ ከእናቴ ጓዳ አውጥቼ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እየፈገፈግኩ ነው።