ኮምፒውተራችሁ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ካላችሁ ይህን ልጅ ጥሩት

ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገን ነው። ስሙን እንዳላወጣ ስለለመነኝ አልጠራውም። ስልኩን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ እሱን ፈቅዶልኛል። ኮምፒውተር የሚፈታ ሰው ሞልቷል። ሳይጠይቅ የማይፈታ ነው የጠፋው።

ኮምፒውተሬ ተገጣጥሞ የተገዛ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ዕቃውን አንድ በአንድ መርጦ የሰራልኝ ነው። ማዘርቦርዱን (ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ)፣ ራሙን፣ ፓወር ሳፕላዩን፣ ኬዙን ሳይቀር። ከዚያ ርቆ ሄደ። አሁን የምንገናኘው በዚሁ ኮምፒውተር ነው፤ ማታ ማታ ቁጭ ብለን በጽሁፍ እናወራለን። ስልክ ላይ ረጅም ነገር መጻፍ አይሆንልኝም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሁፍ አወጣና ቀጥ አለ። የሚነሳበት ዲስክ አላገኘሁም ነው የሚለው። ደጋግሜ እየዘጋሁ ስከፍት አንዳንዴ ይነሳል። ሲነሳ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የመልእክት መላላኪያው አይገናኝም። የጻፍኩት አይሄድም፣ የተጻፈልኝ አይመጣም። ድረ ገጽ ስከፍት "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ይደቀንብኛል። ኢንተርኔቱ ግን ስልኬ ላይ እንደ ልቡ ይሰራል!

ወንድሜ ያኮረፍኩት መስሎት ነበር። በስልክ አጠር አድርጌ ስመልስለት "ምነው? ምን አጠፋሁ?" ይላል። የሰራህልኝ ኮምፒውተር ተበላሸ ማለት ደግሞ ከበደኝ። ከሩቅ ሆኖ ምን ያድርግ?

ከዚያ መንከራተት ተጀመረ። ስም አልጠቅስም፣ ቦታም አልናገርም፤ ግን አንጀቴ አሯል። አንዱ ገና ከማየቱ "ቤት የተገጣጠመ ነገር እኮ እንዲህ ነው" ብሎ ሳቀ። ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዢ አለኝ። ሌላው ቫይረስ ነው ብሎ ሳይጠይቀኝ ፎርማት አደረገው። ሳይጠይቀኝ! ፎቶዎቼ፣ የስራ ፋይሎቼ፣ ሁሉም ድራሹ ጠፋ። "ባክአፕ አልነበረሽም እንዴ?" አለኝ ቆጣ ብሎ። ሌላ ቦታ ደግሞ ከርሞ ከርሞ መጣልኝ፤ የጎን ክዳኑ ብሎን ጎድሎ፣ ችግሩ ግን ሳይጎድል።

የሚያበሳጨው ምን መሰላችሁ? እነሱ ጋ ሲሆን ይሰራል። "ይኸው፣ ምን ሆነ?" ይሉኛል። ቤት አምጥቼ ስሰካው ያው ነው። ወይ እኔ አብጃለሁ፣ ወይ ኮምፒውተሩ ቤቴን ጠልቷል ማለት ጀምሬ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት የስራ ባልደረባዬ ይህን ልጅ ጠቆመችኝ። ቤት ድረስ መጣ። እኔ ካቻቢቴ ያወጣል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እህቴ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለኝ። ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "ማታ ስትዘጊው ሶኬቱን ትነቅያለሽ?"

አዎ፣ ሁሌም ማከፋፈያውን አጥፍቼ ነው የምተኛው። "ጥሩ ታደርጊያለሽ" አለና ኮምፒውተሩን ከፈተው። እንደ ዕድል ተነሳ። ልጁ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን በጣቱ አሳየኝ። በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 2016 ይላል። እኔ ሰዓት የማየው ስልኬ ላይ ነው፤ እዚያ ጥግ ላይ ዓይኔ አርፎም አያውቅ። ያን ሁሉ ጊዜ ያዩት "ባለሙያዎች" ግን ምን እያዩ ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እኔ በገባኝ መጠን። ማዘርቦርዱ ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ባትሪ አለች። ሲአር 2032 ትባላለች፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። እሷ ስትሞት ሰዓቱም ቅንብሩም ይጠፋል። የኔው ሁለት ዲስክ ስላለው ከየትኛው እንደሚነሳ ይረሳና ባዶውን ሲፈልግ ያድራል። ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ከቆየ ግን መብራቱ ስለሚይዘው ምንም አይሆን። ለዚህ ነው እነሱ ጋ ጤነኛ የሚሆነው!

መልእክቱስ? እሱንም አስረዳኝ። መላላኪያውና ድረ ገጾቹ ከመገናኘታቸው በፊት የማረጋገጫ ሰርተፍኬት ይተያያሉ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል። ኮምፒውተሬ ዘመኑን 2016 ብሎ ስለሚያስብ ያ ሰርተፍኬት ለእሱ ገና ያልወጣ መታወቂያ ነው። ስለዚህ አያምነውም። "ዊንዶውስ ራሱ አያስተካክለውም እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩት። ልዩነቱ የዓመታት ሲሆን እምቢ ይላል አለኝ። ከዚህ በላይ የነገረኝን አትጠይቁኝ፣ አልያዝኩትም።

ባትሪዋን አውጥቶ በቴስተር ለካትና ንባቡን አሳየኝ። 3 ቮልት አካባቢ ማሳየት ሲገባት ከ2 በታች ወርዳለች። አዲሷን ከቦርሳው አውጥቶ ገጠመ፣ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የኮምፒውተሩ ቅንብር የሚስተካከልበት ገጽ) ገብቶ ሰዓቱንና የሚነሳበትን ዲስክ አስተካከለ። ከዚያ ማከፋፈያውን ራሱ አጥፍቶ "እንቆይ" አለኝ። ቆየን። መልሶ ሲያበራው ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ወዲያው የወንድሜ መልእክቶች ተከታትለው ይንጫጩ ጀመር፤ የመጨረሻው "አሁንም ተቆጥተሻል?" የሚል ነው። ሳቄም እንባዬም መጣ።

ግን እኔን ያሸነፈኝ ሌላ ነገር ነው። የጎን ክዳኑን ሲከፍት ወንድሜ ከውስጥ በኩል በማርከር የጻፈው አለ፦ "ከመክፈትሽ በፊት ሶኬቱን ንቀይ።" ልጁ አነበበውና ፈገግ አለ። ከዚያ ገመዶቹን በባትሪ መብራት እያየ፣ "ይሄን የገጠመው ማነው? እንዴት አድርጎ ነው ያሰረው! እጁ ንጹህ ነው" አለኝ። ያ ሁሉ ሰው የሳቀበትን ኮምፒውተር። ለወንድሜ ያኑ ማታ ጻፍኩለት፤ ደጋግሞ "በእውነት እንደዛ አለ?" ይለኛል።

ሊሄድ ሲል የጎደለችውን ብሎን ከራሱ ዕቃ መርጦ ገጠመልኝ። የባዮሱን ቅንብርም በትንሽ ወረቀት ጽፎ ክዳኑ ላይ፣ ከወንድሜ ጽሁፍ ስር ለጠፈው፤ ባትሪዋ ከዓመታት በኋላ ስትደክም ማንም እንዲያስተካክለው። ሂሳብ ስለው የባትሪውንና የመምጫውን ብቻ ተቀበለ። ጨምሬ ብሰጠው አሻፈረኝ አለ።

እባካችሁ እንዲህ ያለውን ሰው ስራ አታሳጡት። ጥሩት፣ ለዘመድ ለወዳጅ ንገሩለት። በተለይ "ሌላ ግዙ" የተባላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንዴ ያየው። ጠዋት ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ስራ ላይ ስለሚሆን፤ አጭር መልእክት ተዉለት፣ ይደውላል። ስትነግሩት ደግሞ ሌሎች ምን እንዳሏችሁ ትታችሁ፣ መቼ መቼ እንደሚበላሽና ማታ እንዴት እንደምትዘጉት ንገሩት። እሱ የሚፈልገው እሱን ነው።