ፕሮሰሰር ብቻ ልቀይር ወይስ ከነማዘርቦርዱ?

ራይዘን 5 1600 (የኤኤምዲ የድሮ ፕሮሰሰር) ያላችሁ መጀመሪያ ጌሙ ላይ እያላችሁ ታስክ ማናጀር ክፈቱ፣ ፕሮሰሰሩ 100% ላይ ተሰቅሎ ግራፊክስ ካርዱ ግማሽ ላይ ከቆመ ፕሮሰሰሩን የመቀየሪያው ሰዓት ደርሷል። ዊንዶውስ 11ም 1600ን በይፋ አይደግፈውም።

ፕሮሰሰር ብቻ (ራይዘን 5 5600)፦ ራሙም ቦርዱም እዛው ይቀራል፣ ወጪው የአንድ ቺፕ ነው። ግን ማዘርቦርዳችሁ ቢ450 ከሆነ አሮጌውን ፕሮሰሰር ሳትነቅሉ ባዮስ (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) አፕዴት አድርጉ፣ በዛ መሃል መብራት ከጠፋ ቦርዱ ላይነሳ ይችላልና ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) እባካችሁ እንዳትሞክሩት። ስትነቅሉ ደግሞ ቴርማል ፔስቱ (ፕሮሰሰሩና ኩለሩ መሃል የሚቀባው) ደርቆ ፕሮሰሰሩ ከኩለሩ ጋር ተጣብቆ ይወጣና ፒኑ ይጣመማል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ትንሽ አሰርታችሁ አሙቁት፣ ከዛ አጥፍታችሁ ኩለሩን ግራ ቀኝ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ አላቅቁት።

ኤኤም5 (አዲሱ የኤኤምዲ ሶኬት)፦ ቦርድም ራምም ፕሮሰሰርም አዲስ፣ የድሮው ዲዲአር4 ራም አይገባበትም። ወጪው ከባድ ነው።

ለጌምና ለቢሮ ስራ 5600 ይበቃል ባይ ነኝ፤ ቪዲዮ ኤዲቲንግ እንጀራችሁ ከሆነ ወይ ቦርዱ ራሱ እያስቸገረ ከሆነ ግን ኤኤም5።